የተኛው እረኛ

ባለፈው እሁድ፣ ስብከት መሃል አንዲት እህታችንን እንቅልፍ ወሰዳት። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ነው ወደ ጉባኤ የመጣችው። ጭንቅላቷ ግድግዳው ላይ ዘንበል ብሏል። መጽሐፍ ቅዱሷ ጭኗ ላይ እንደተከፈተ ነው። አንዱ ፎቶ አንስቶ ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። እስኪመሽ ስንቱ ሳቀባት! «ትጉና ጸልዩ» ብሎ የጻፈባትም አለ።

ወገኖቼ፣ በጣም አዘንኩ።

ማታ አንድ የምወደው ሥዕል ትዝ አለኝ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1857 የሠራው «የተኛው እረኛ፣ ማለዳ» ነው። መዳፍ የማይሞላ ሥዕል። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ይቀባና ሥዕሉ በመርፌ ይጫርበታል፤ ከዚያ አሲድ የተጫረውን መስመር ብቻ እየበላ ይቦረቡረዋል። በመጨረሻ ቀለም ገብቶበት ወረቀት ላይ ይታተማል። ፓልመር አማኝ ነበር፣ በሥራውም አይቸኩልም። በዚህ መንገድ በዕድሜው የጨረሰው 13 ሥዕል ብቻ ነው።

እረኛው በሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጥሎታል። ፀሐይ እየወጣች ነው። ወዲያ ማዶ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ማረስ ጀምሯል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ተኝቷል፤ የንጋቱ ብርሃን ግን ለሁለቱም ነው። እረኛው ሌሊቱን መንጋ ሲጠብቅ ያደረ ይመስለኛል። ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር መዝሙር 121 ይመጣብኛል፦ «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም።» የማይተኛው እርሱ ነው። እኛ እንተኛለን። እረኛ ቢተኛም መንጋው ጠባቂ አለው።

ኤልያስን አስቡት። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኖ ተኛ። መልአኩ መጥቶ ዳሰሰው። ምን አለው? «ተነሥተህ ብላ።» እንጎቻ አቀረበለት፣ ውሃ አቀረበለት። በልቶ ደግሞ ሲተኛም አልተቆጣውም። ሁለተኛ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» አለው እንጂ። እኛስ? ያቺን እህት ቁርስ በልተሽ ነው ወይ ያላት ማን ነው? እኔም አልጠየቅኋትም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥቅሱን የጻፍክ ወንድሜ፣ ቃሉን ለምን ግማሽ ላይ ቆረጥከው? ጌታ በጌቴሴማኒ «ትጉና ጸልዩ» ካለ በኋላ እዚያው ላይ «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» ብሏል። ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ሳለ እንኳ የወዳጆቹን ድካም አየላቸው። እርሱ ያዘነለትን ድካም አንተ መሳቂያ አደረግከው። ጌታችን ራሱ እኮ በታንኳ ውስጥ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል!

ፎቶውን ዛሬውኑ አጥፉት። ያነሣኸው ወንድም ደግሞ ደውልላትና ይቅርታ ጠይቃት።

እህቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ እንደምታድሪ ጌታ ያውቃል። የፊታችን እሁድ ከደከመሽ ቤትሽ ግቢና ተኚ። ከመጣሽም ግድግዳው ጋ ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ሻይና ዳቦ ይዤ እጠብቅሻለሁ።