የግሪክ ደሴቶችና የመርከብ ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግሪክ የሚሄድ ሰው ልቡ ደሴቶቹ ላይ ነው። ሳንቶሪኒ አለች፣ ቀርጤስ አለች፣ ለእኛ ደግሞ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ አለች። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ እንደሷ ያሉ ደሴቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ መርከብ መሳፈር ግድ ነው። ስለዚህ ጉዞ ከሰው ሰው የሚተላለፉ አንዳንድ አባባሎች ግን ገንዘብም የእረፍት ቀንም ያስበላሉ።

«አቴንስ ከደረስኩ ወደፈለግኩት ደሴት መርከብ አላጣም»

ታጣላችሁ። የአቴንስ ትልቁ ወደብ ፒሬየስ ነው። ከዚያ ወደ ሳንቶሪኒ፣ ፓሮስ፣ ናክሶስ፣ ቀርጤስ፣ ሮድስና ፍጥሞ ይኬዳል። ኮርፉ፣ ኬፋሎኒያና ዛኪንቶስ ግን በምዕራብ በኩል፣ በኢዮኒያ ባሕር ላይ ናቸው። የኮርፉ መርከብ የሚነሳው ከኢጉሜኒጻ ነው፤ የዛኪንቶስ ከኪሊኒ። ሌፍካዳ ደግሞ ከየብስ ጋር የተገናኘች ስለሆነች በመኪና ይገባባታል። ሳንቶሪኒንና ኮርፉን በአንድ ሳምንት በመርከብ ለማዳረስ ያሰበ ሰው ካርታውን እንደገና ይየው።

አቴንስ አካባቢም ወደቡ አንድ ብቻ አይደለም። ለአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀርበው ራፊና ነው፤ ወደ አንድሮስ፣ ቲኖስና ሚኮኖስ የሚሄዱ መርከቦች ከዚያም ይነሳሉ። ትኬታችሁ ላይ የወደቡን ስም አንብቡ። ፒሬየስ ከሆነ የበሩንም ቁጥር እዩ። ወደቡ በጣም ሰፊ ነው። ከ2022 ጀምሮ ሜትሮው ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ፒሬየስ ይደርሳል፤ ከጣቢያው ራቅ ወዳሉት በሮች በእግር መሄድ ግን ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

«ፈጣኑ መርከብ ሁልጊዜ ይሻላል»

ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ በትልቁ መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በፈጣኑ ካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ መርከብ) አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያች ሦስት ሰዓት የሚከፈለው ግን ብዙ ነው። ካታማራኑ ውስጥ ተዘግቶባችሁ ነው የምትጓዙት፤ ማዕበል ሲነሳም በኃይል ይናጣል። ሆዱ ቶሎ የሚረበሽ ሰው ትልቁን ይምረጥ። እኔ ጤነኛ ለሆነም ሰው ትልቁን ነው የምመክረው። በሰገነቱ ላይ ቆሞ ደሴቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ማየት የጉዞው ግማሽ ነው።

«በጋ ስለሆነ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ትኬት ካለኝ ጉዞው አይቀርም»

ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይሄ ነው። የእነሱ በጋ በሆነው በሐምሌና ነሐሴ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚባል ንፋስ ሳንቶሪኒና ፍጥሞ ባሉበት በኤጂያን ባሕር ላይ ይነሳል። ቀናት ሊቆይ ይችላል። ንፋሱ ሲበረታ የወደብ ጠባቂዎች መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ያግዳሉ። መጀመሪያ የሚታገዱት ፈጣኖቹ ናቸው፤ ንፋሱ ወደ 8 ቦፎርት (የንፋስ ኃይል መለኪያ ነው) ሲጠጋ ትልልቆቹም ይቆማሉ።

በዚህ እገዳ የሚበሳጩ ሰዎች አሉ፤ እገዳው ግን በምክንያት ነው። መስከረም 2000 (በፈረንጆች) ኤክስፕረስ ሳሚና የተባለ መርከብ በኃይለኛ ንፋስ ፓሮስ አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመርከቡ ሠራተኞች ቸልተኝነት የደረሰ አደጋ ነበር፤ ግን ያ ባሕር በማዕበል ጊዜ ምን ያህል ምሕረት እንደሌለው ያሳያል። ቁሙ ሲባል መቆም ነው።

መብታችሁን ደግሞ እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ጉዞው ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ፣ ገንዘባችሁን መልሳችሁ ማግኘት ወይም በሌላ መርከብ መጓዝ ትችላላችሁ። ምርጫው የእናንተ ነው። መንስኤው አደገኛ የአየር ሁኔታ ከሆነ ግን ኩባንያው የሆቴል ወጪ እንዲሸፍን አይገደድም። የመርከበኞች የሥራ ማቆም አድማም ያጋጥማል። ስለዚህ ከደሴት በተመለሳችሁበት ዕለት ወደ አገር የሚመልሳችሁን አውሮፕላን አትያዙ። አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ።

«ቅዳሜ 00:30 ማለት ቅዳሜ ማታ ነው»

አይደለም። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:30 ነው። ቀኑን ከንጋት ለሚቆጥር ሰው ቀላል ወጥመድ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ ወደብ ሲደርስ መርከቡ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ፍጥሞን የሚነኩ ትልልቅ መርከቦች ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚደርሱ ተሳላሚዎች በተለይ ልብ በሉ።

«ትኬት እዚያው ወደብ ላይ ይቆረጣል»

በእነሱ ክረምት፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ፣ እሺ። በነሐሴ አጋማሽ ግን አይሞከርም። ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት በፈረንጆች ነሐሴ 15 ነው፤ ከእኛ ፍልሰታ በአንድ ሳምንት ይቀድማል። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ ደሴት ይተማል፤ ወደ ቲኖስ ደግሞ ምእመናን ይጎርፋሉ። ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ ስማችሁም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

«መርከቡ ሲቆም ተነስቼ እወርዳለሁ»

መርከቡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የደሴቱ ስም ሲጠራ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መኪና ወደሚቆምበት ወለል ውረዱ።

«ቱርክ ቅርብ ናት፤ ደርሼ ብመለስ ቪዛውን አይነካውም»

ከቆስ ቦድሩም፣ ከሮድስ ማርማሪስ የሚወስዱ መርከቦች አሉ፤ መንገዱ አጭር ነው። ግን ከሼንገን፣ ማለትም ግሪክ ካለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል፣ ወጥታችኋል። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ እዚያው ያበቃል፤ ወደ ግሪክ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ቱርክ ለመግባትም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ይህን ጉዞ የምታስቡ ከሆነ ማመልከቻውን ስትሞሉ ገና ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ቪዛ ጠይቁ።