ውርጭ ምንድን ነው? በሶብላን ገድሎ ጦስኝን የሚምረውስ ለምን?

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ወር። በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተከልኩትን በሶብላ ለሽሮ ልቀነጥስ በጠዋት ወጣሁ። ማታ አረንጓዴ ነበር። አሁን ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ጠቆረ። እናቴ ከበር ላይ ቆማ አየችውና «በቃ፣ ውርጭ መትቶታል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት!

«ውርጭ ጣለ» እንላለን፣ እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ይመስል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ከሙቀቱ ብዙውን ይመልስላታል። ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ ግን ሙቀቱ ሄደ ማለት ነው። ቅጠሉና አፈሩ ከበላያቸው ካለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። በሰው ቁመት ላይ ያለው አየር 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ፣ መሬት ላይ ያለው ቅጠል ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጭ የሚበረታውም ለዚህ ነው።

ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው አመዳይ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቅጠሉ ላይ በረዶ ሲሆን። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ አመዳይ ሳይታይም ውርጭ ይመታል። እኔን ያታለለኝ ይኸው ነው፤ ግቢው ውስጥ ነጭ ነገር አልነበረም።

በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ሥጋውን ከውስጥ ይቀደዋል። በሶብላ ቅጠሉ ለስላሳና ውሃማ ነው፣ ዘሩም የሞቃት አገር ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ገና ውርጭ ሳይመጣ ይከፋዋል። ጦስኝ ግን የተራራ ልጅ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ እንጨታማ ነው፤ መንዝ ጓሳ ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የጥብስ ቅጠልም ቀላል ውርጭ ይችላል። ናና ከላይ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎ አትንቀሉት። ጠጅ ሳር ግን እንደ በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው።

ከፍታ ደግሞ አለ። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። በጣርማ በር አልፎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጃኬቱን መንገድ ላይ ማውለቁ አይቀርም። ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ስለ ውርጭ ሳወራላት ትስቃለች፤ በሶብላዋ ዓመቱን ሙሉ አለ። ከዚህ የወሰደችው ጦስኝ ግን ደርቆባታል።

ታዲያ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ምን እናድርግ? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል። ጀሪካኑን ጎድጓዳ ቦታ አታስቀምጡ። ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ግድግዳ ሥር አስጠጉት፤ ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። አፈሩን እኩለ ቀን ላይ አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ሳይመሽ በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ፌስታል ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካው በእንጨት ደግፉት፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። በሶብላን ሜዳ ላይ የሚተክል ሰው ደግሞ ጥር ካለፈ በኋላ ዘርቶ፣ ጥቅምት ሳይገባ አበባውን ቆርጦ ለበርበሬ ቢያደርቀው ይሻላል።

እኔ ዘንድሮ አቋራጩን መርጫለሁ። ጀሪካኑ ማታ ማታ ወጥ ቤት ያድራል። እናቴ በሩን ከመቀርቀሯ በፊት «እንግዳህ ገባ?» ትለኛለች።