ፍሎረንስ ፕራይስ፦ የጁባን ጭፈራ ወደ ሲምፎኒ ያስገባችው የሙዚቃ ደራሲ

ፍሎረንስ ፕራይስ (1887–1953 እ.ኤ.አ.) ሲምፎኒዋን (ለኦርኬስትራ የሚጻፍ፣ ብዙ ክፍሎች ያሉት ረጅም ድርሰት) ትልቅ ኦርኬስትራ የተጫወተላት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የተወለደችው አርካንሶ ውስጥ፣ ሊትል ሮክ ከተማ ነው። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ፒያኖ ያስጀመረቻት እናቷ ናት። ቦስተን በሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ፣ ተምራ በ1906 ተመረቀች።

በ1927 ሊትል ሮክ ላይ አንድ ጥቁር ሰው በመንጋ ተገደለ። ከዚያ በኋላ የፕራይስ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ቺካጎ ገባ። እዚያ ከባሏ ተፋታች። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ኦርጋን እየተጫወተች ልጆቿን አሳደገች።

የመጀመሪያ ሲምፎኒዋ በ1932 ዋናሜከር የተባለውን የሙዚቃ ድርሰት ውድድር አሸነፈ። በዓመቱ በፍሬደሪክ ስቶክ የሚመራው የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫወተው።

ይህን ሥራ ከሰማችሁ ሦስተኛው ክፍል እንዳያመልጣችሁ። በአውሮፓውያን ልማድ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ስኬርትሶ የሚባል ፈጣን ክፍል ይገባል። ፕራይስ ያስገባችው ጁባን ነው። ጁባ የባርነት ዘመን ጭፈራ ነው። ከበሮ በብዙ ቦታ ክልክል ስለነበር ሰዎቹ እያጨበጨቡ፣ ጭንና ደረታቸውን እየመቱ፣ መሬቱን እየረገጡ ይጨፍሩ ነበር። እሷ ያንን ምት ለቫዮሊን ሰጠችው። የተከለከለውንም መለሰችው፤ በሲምፎኒው ውስጥ ትልቅና ትንሽ የአፍሪካ ከበሮ አለ። ለእኔ ትልቁ ሥራዋ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዋና ዜማ ደግሞ ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ ባዳ አይሆንም።

በዚያው ሰሞን «የኢትዮጵያ ጥላ በአሜሪካ» የተባለ የኦርኬስትራ ሥራም ጽፋለች። የዚያን ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያን ኢትዮጵያን የመላው ጥቁር ሕዝብ መጠሪያ አድርገዋት ነበር። ሥራው አፍሪካዊው በባርነት አሜሪካ ሲደርስ ይጀምርና በእምነት መጽናቱን፣ ከዚያም አዲሱን ኑሮ መልመዱን ይከተላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በር አልተከፈተላትም። በ1943 ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ለሰርጌ ኩሴቪትስኪ በጻፈችው ደብዳቤ ጾታዋና ዘሯ ሁለት እንቅፋት እንደሆኑባት በግልጽ ነገረችው። እሱ ግን ሥራዋን አልተጫወተላትም። ካረፈች በኋላ አብዛኛው ድርሰቷ ተረሳ።

በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሴንት አን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በጋ የምታሳልፍበት የነበረውን ወና ቤት የሚያድሱ ሰዎች ክምር ወረቀት አገኙ። ሁለት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎች (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር ሆኖ በብቸኝነት የሚጎላባቸው ድርሰቶች) እና አራተኛው ሲምፎኒዋ እዚያ ውስጥ ነበሩ። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዎቿን ቀርጾ በ2022 የግራሚን የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ።