ቬፐር ሎክ ምንድን ነው? ዳገት ላይ ቀጥ ያለ መኪና ሁሉ ፓምፑ አልሞተም

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት ነው። እኔም አላለፍኩም። ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ ዳገቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስጎተት መጥቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ቆሎዬን ገዛሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ተመልሼ ስታርት ሳደርገው በአንዴ ተነሳ። ወደ ጣርማ በር መውጣት ስጀምር ግን መንገጫገጭ ያዘ። ነዳጅ ስረግጥ ጭራሽ ይታፈናል። ትንሽ ሄደና ቀጥ አለ።

መኪናው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ ባለ ካርቡሬተር፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ዕቃ ማለት ነው። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ጎማው ስር ድንጋይ አደረግኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ከኋላ የመጡ አንድ ጠና ያሉ የጭነት መኪና ሾፌር ዳር ይዘው ቆሙልኝ።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሳይሞት አይቀርም።»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሮቢት።»

«ደብረ ሲና አጥፍተኸው ነበር?»

«አዎ፣ ትንሽ ቆሜ ነበር።»

«እንግዲያው ፓምፑን ተወው። ቤንዚኑ ፈልቶብሃል። አትነካካው፣ ይብረድለት።»

ትንሽ በረድ ሲል አንድ ጨርቅ በውሃ አርሰው ፓምፑ ላይ ጠመጠሙት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። እኔ ግን ስለ ቤንዚን መፍላት ያን ቀን ነበር የሰማሁት። ከዚያ በፊት ለዚሁ ችግር አንድ ጋራዥ ፓምፑን ቀይሮልኝ ነበር። አዲሱ ፓምፕ ገና ወር አልሞላውም።

የነገሩ ስም ቬፐር ሎክ ነው። መካኒኮች «ነዳጁ ተነነ» ወይም «ቤንዚኑ ፈላ» ይሉታል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ጋ ሳይደርስ፣ ገና ቱቦው ወይም ፓምፑ ውስጥ እያለ በሙቀት ወደ እንፋሎት ይለወጥና መንገዱን ይዘጋል ማለት ነው። የተሰበረ ነገር የለም። የተቃጠለ ነገርም የለም። ለዚህ ነው ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚድነው።

እንፋሎት እንዴት መንገድ ይዘጋል? ፍሬን አየር ሲይዝ አስቡት። ፔዳሉን ስትረግጡ ይሰምጣል እንጂ አይዝም፤ ምክንያቱም አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም። የነዳጅ ፓምፑም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የአሮጌ መኪና ፓምፕ ከሞተሩ ጎን በብሎን ታስሮ፣ በካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች በሚከፍተው ዘንግ) እየተገፋ የሚሠራ ነው። ውስጡ ከፍ ዝቅ የምትል ስስ ሽፋን አለች፤ ዳያፍራም ትባላለች። ወደ አንድ በኩል ስትሄድ ቤንዚን ከነዳጅ ታንኩ ትስባለች፣ ስትመለስ ወደ ካርቡሬተሩ ትገፋለች። መሃል ላይ እንፋሎት ከገባባት ግን ያንኑ እንፋሎት ስትጨምቅና ስትለቅ ትውላለች። ፓምፑ ይሠራል፤ ቤንዚን ግን አይሄድም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ፤ የኛ አካባቢ መንገድ ለዚህ ችግር የተመቸ ነውና። ቤንዚን እንደ ውሃ በአንድ ዲግሪ ብቻ የሚፈላ ነገር አይደለም። ብዙ ዓይነት ፈሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ቀላሎቹ በባህር ጠለል ላይ ከ35 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መትነን ይጀምራሉ፣ ከባዶቹ 200 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይቆያሉ። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ሁሉም ቶሎ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ባቄላ የቀቀለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን አይበስልም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባህር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፣ 1,280 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ መኪናው በሮቢት ሙቀት ግሎ ይነሳል፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ይብስበታል፣ ሽቅብ በሄደ ቁጥርም ቤንዚኑ ለመፍላት የሚያስፈልገው ሙቀት ይቀንሳል። የላይኛው አገር ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ብርዱ ውጭ ነው፤ ኮፈኑ ስር ሌላ አገር ነው።

ሌላም አለ። ፓምፑ ከታንኩ ቤንዚን የሚያመጣው በመሳብ ነው። የሚሳብ ፈሳሽ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ መፍላት ይቀልለዋል። በዚያ ላይ ታንኩ ከኋላ፣ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ሽቅብ ነው የሚሳበው። ነዳጁ ትንሽ ሲሆን ይባስ ይከብዳል።

ታዲያ ለምን ሲሄድ ሳይሆን ቆሎ ልገዛ ከቆምኩ በኋላ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተር ሲጠፋ የሚቀዘቅዝ ይመስለናል። መጨረሻ ላይ ይቀዘቅዛል፣ መጀመሪያ ግን ዙሪያው ይብሱን ይግላል። የሚነፍሰው ነፋስ ቆሟል፣ ውሃው አይዞርም፣ ቀዝቃዛ ቤንዚንም ከታንኩ አይመጣም። የብረቱ ሙቀት በሙሉ ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦው ይሄዳል። ከአሥር ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ያለው ጊዜ ነው አደገኛው። መኪናው በአንዴ መነሳቱም አያታልላችሁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ቤንዚን ናት ያስነሳችው። እሷ ስታልቅ ያልቃል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው ያለአግባብ ፓምፕ እንዳይገዛ ነው። የሞተ ፓምፕና የፈላ ቤንዚን ዳገት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። መለያቸው ሌላ ጊዜ ነው። ጠዋት በብርድ ረጅም ዳገት ስታወጡት ካልተቸገረ፣ የሚቆመውም ሲግል ብቻ ከሆነ፣ ፓምፑን አትጠርጥሩ። ጠዋትም ማታም፣ ሲግልም ሲቀዘቅዝም ጉልበት የሚያጥረው ከሆነ ግን ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ተዘግቷል። ፊልትሮው ርካሽ ነው፣ ከሱ ጀምሩ። በተለይ ከጀሪካን ቤንዚን የቀዳችሁ ሰሞን። ዳያፍራሟ የተቀደደች ከሆነ ደግሞ የሞተር ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ዘይቱም ከልኩ በላይ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። እንዲህ ያለ መኪና እንዳትነዱት።

ሁለት አስመሳዮች አሉ። አንዱ የታንኩ ክዳን ነው። መተንፈሻው ከተደፈነ ቤንዚኑ በተሳበ ቁጥር ታንኩ ውስጥ አየር ያጥራል፣ መኪናው ይታፈንና ይቆማል። ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና ወዲያው ከተነሳ፣ ችግራችሁ ክዳኑ ነው። ሁለተኛው ቦቢና ነው፤ ቤንዚኑን በብልጭታ ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ። የደከመ ቦቢናም ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ቁርጥ ቬፐር ሎክ ነው የሚመስለው። ለመለየት የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሱና ካርቡሬተሩ ውስጥ እያያችሁ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ የነዳጅ መስጫውን በእጅ ሳብ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ብልጭ ካለ ነዳጅ አለ፤ ወደ ካንዴላና ወደ ቦቢና ሂዱ። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም።

ቱቦ ነቅሎ ማየት የሚፈልግ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ። ይሄን በጥብቅ ነው የምለው። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲረጭ እሳት ነው፣ አጠገባችሁ የሚያጨስ ሰውም አይኑር። ሲቀዘቅዝ፣ ብልጭታ እንዳይፈጠር ወደ ቦቢናው የሚገባውን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነቅላችሁ፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ቱቦ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና ሰው ስታርት ያድርግላችሁ። ደህና ፓምፕ ምት እየጠበቀ በኃይል ይተፋል። አረፋ እየቀላቀለ የሚተፋ ከሆነ ከታንኩ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ውጭ ላይ ቤንዚን ላያፈስ ስለሚችል በዓይን በቀላሉ አይገኝም።

ባለ ኢንጄክሽን መኪኖች (በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጁ በግፊት የሚረጭላቸው)፣ ቪትዝንም ጨምሮ፣ ይህ ችግር እምብዛም አይነካቸውም። ፓምፓቸው ታንኩ ውስጥ ሆኖ ቤንዚኑን ከኋላ ይገፋዋል፣ በ3 ባር ገደማ (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ግፊት ያለበት ፈሳሽ ቶሎ አይፈላም። ይህን ያወቁ ሰዎች አሮጌ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ታንኩ አጠገብ ያስገጥማሉ፤ ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን ለካርቡሬተር የተሠራውን ይሁን። የካርቡሬተር ፓምፕ ግፊት ከሩብ ባር ብዙም አይዘልም። የኢንጄክሽኑን ካስገጠማችሁ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩን አልፎ ይፈሳል።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ አንድ መካኒክ ጋ አሳየሁት። በመጀመሪያ ያየው ቱቦውን ነበር። የሆነ ጊዜ የተቀየረ የጎማ ቱቦ ረዝሞ ጭስ መውጫው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። ቆርጦ አሳጠረውና በፋሸታ ራቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ፓምፑን ፈታና «ስፔሰሩ የታለ?» አለኝ። በፓምፑና በሞተሩ መሃል ጣት የምታክል ውፍረት ያላት ጥቁር ቁራጭ መኖር አለባት። ሥራዋ ሙቀት ወደ ፓምፑ እንዳያልፍ መከልከል ነው፤ የፓምፑን ክንድም በልኩ እንዲገፋ ታደርጋለች። አዲሱ ፓምፕ በወረቀት ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብቻ ነበር የታሰረው፣ ብረት ለብረት ማለት ይቻላል። የተቀየረው አሮጌ ፓምፕ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ተጥሎ ነበር። አውጥቼ አሳየሁት። ስፔሰሯ እሱ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ፓምፑንም ፈትሾ «ይሄ እኮ ደህና ነው» አለኝና ያንኑ ከነስፔሰሯ መልሶ አሰረልኝ።