በጠርሙስ የሚሠራ የጥንት ባሕር፦ ምንድን ነው?

ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ባሕር ዛሬ የሚቀዳበት ቦታ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይሠሩታል፤ ያውም በእጅ በሚያዝ ጠርሙስ። የጥንቱን የባሕር ውሃ በላቦራቶሪ ያዘጋጁና ፎቶሲንተሲስ የሚሠሩ፣ ማለትም በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎችን ጨምረው ምን እንደሚያደርጉ ይከታተላሉ።

የዚያ ዘመን ባሕር ዋና መለያው ብረት ነው። አየሩም ውሃውም ኦክስጅን አልነበረውም ማለት ይቻላል። ኦክስጅን ከሌለ ደግሞ ብረት እንደ ጨው ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ይቆያል። ዛሬ ግን ብረቱ ዝጎ ስለሚዘቅጥ፣ በአንዳንድ የውቅያኖስ ክፍሎች አልጌዎች በብረት እጥረት እድገታቸው ይገታል።

ብረት መጨመሩ ቀላል ነው። ጣጣው አየር ነው። ውሃው ውስጥ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፋ ኦክስጅኑ ይባረራል። ሥራው የሚሠራው ረጅም የጎማ ጓንት በተገጠመለት ዝግ ሳጥን ውስጥ ነው። ጠርሙሱ በወፍራም ጎማ ይከደናል፤ ናሙና የሚቀዳውም በመርፌ ነው። ክዳኑ ትንሽ ካስተነፈሰ አለቀ፤ ውሃው ብርቱካንማ ይሆናል። የስንት ቀን ልፋት ዝገት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ሁሉም ደህና ከሄደ ባክቴሪያው ይገባል፣ አምፖሉ ይበራል። ከቀናት በኋላ ውሃው አሁንም ብርቱካንማ ይሆናል! ግን አየር አልገባም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው መንትያ ጠርሙስ ደግሞ እንዳለ ነው። ታዲያ ብረቱን ማን አዘገው?

ባክቴሪያው ነዋ። ዕፅዋት ምግባቸውን ለመሥራት ኤሌክትሮን የሚወስዱት ከውሃ ነው፤ ኦክስጅን የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን ኤሌክትሮኑን ከሟሟ ብረት ይወስዳሉ፤ ኦክስጅን አያወጡም፣ የሚተርፋቸው ዝገት ነው። አንድ የካርቦን አተም ወደ ምግብ ለመለወጥ አራት የብረት አተሞች ያስፈልጓቸዋል፤ ውድ ንግድ ነው! ይህን ችሎታ ማይክሮባዮሎጂስቱ ፍሬድሪክ ቪድልና ባልደረቦቹ ይፋ ያደረጉት በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።

ነገሩ ከባክቴሪያ ኑሮ ያለፈ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሃመርዝሊ አካባቢ ቀይና ጥቁር ግራጫ መስመር እየተፈራረቀባቸው የተደራረቡ ጥንታዊ የብረት ዐለቶች አሉ። ብረቱን ያዘገው በሳይኖባክቴሪያ (እንደ ዕፅዋት ኦክስጅን በሚያወጣ ባክቴሪያ) የተመረተ ኦክስጅን ነው ወይስ ብረት በል ባክቴሪያ? ክርክሩ አልበረደም። የጠርሙሱ ሙከራ ቢያንስ አንድ ነገር አሳይቷል፤ ዝገት ስላየን ብቻ ኦክስጅን ነበር ማለት አንችልም።

ሳይኖባክቴሪያም ፈተናው ቀላል አልነበረም። ብረት የበዛበት ውሃ ውስጥ ሲያድግ፣ ራሱ የሚያወጣው ኦክስጅን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ሴሉን የሚጎዱ ውህዶች ይፈጠራሉ። በላቦራቶሪ ሲሞከርም ብረቱ ከመጠን ሲያልፍ እድገቱ ቀንሷል። በከባቢ አየር ኦክስጅን መከማቸት የጀመረው ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሳይኖባክቴሪያ ከዚያ በፊት ነበረ ለሚሉ ሰዎች፣ የኦክስጅኑ መከማቸት ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይኸኛው ነው፤ በገዛ ትንፋሽ መመረዝ!

ጠርሙስ ግን ጠባብ ነው፤ ሞገድ የለው፣ ጥልቀት የለው። ስለዚህ ውጤቱን ከእውነተኛ ሐይቅ ጋር ያስተያያሉ። በኢንዶኔዥያ የማታኖ ሐይቅ፣ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ደግሞ የኪቩ ሐይቅ አካል የሆነው የካቡኖ ባሕረ ሰላጤ፣ ከላይ ኦክስጅን ያለው ውሃ፣ ከሥር ኦክስጅን የሌለውና ብረት የሞላው ውሃ አላቸው። ከካቡኖ የተገኘ አንድ ብረት በል ባክቴሪያ ዛሬ በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ይኖራል።