የዩኤስ ኦፕን ጎልፍ፦ ወደ ሺኔኮክ ሂልስ የሚያደርሰው ማጣሪያ

ከአራቱ ታላላቅ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነው ዩኤስ ኦፕን ለ126ኛ ጊዜ ከሰኔ 11 እስከ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ይካሄዳል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 18 እስከ 21 ቀን 2026 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቦታው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ በሳውዝሃምፕተን የሚገኘው የሺኔኮክ ሂልስ ሜዳ ነው። የሚሰለፉት 156 ተጫዋቾች ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ በውጤታቸውና በደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ። የቀሩት በማጣሪያ ያልፋሉ። ውድድሩን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ማጣሪያ ነው። «ኦፕን» ማለት ክፍት ማለት ነውና ችሎታው ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን በሩን ማንኳኳት ይችላል።

በ2025 ለመመዝገብ የጠየቁት 10,202 ነበሩ፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ይህን ያህል ሰው ተመዝግቦ አያውቅም። ፕሮፌሽናል የሆነ ሁሉ መመዝገብ ይችላል። አማተር፣ ማለትም ለገንዘብ የማይጫወት ሰው፣ ግን ሃንዲካፑ ከ0.4 መብለጥ የለበትም። ሃንዲካፕ ተጫዋቹ ካስመዘገባቸው የመጨረሻ 20 ዙሮች ውስጥ ምርጦቹ 8 ተወስደው የሚሰላ ቁጥር ነው። 0.4 ያለው ሰው ጥሩ በሚጫወትበት ቀን ሜዳው ከሚጠይቀው የምት ብዛት፣ ማለትም ከፓሩ፣ ብዙም አይርቅም። በየሳምንቱ ለመዝናናት የሚጫወቱ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርሱም። ምዝገባው በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ የአካባቢ ማጣሪያ ይባላል። ከመቶ በላይ በሆኑ ሜዳዎች፣ በአፕሪልና በሜይ ወራት፣ በ18 ቀዳዳ ብቻ ይካሄዳል። አንድ ሜዳ ላይ ሰማንያ ያህል ሰው ተሰልፎ የሚያልፉት አራት ወይም አምስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩ የሚወሰነው በተወዳዳሪዎቹ ብዛትና ጥንካሬ ነው። አንድ ዙር አጭር ነው። ፕሮፌሽናል በአራት ቀን ውድድር ውስጥ አንድ መጥፎ ቀዳዳ ቢገጥመው የሚያካክስበት ጊዜ አለው፤ እዚህ ግን በሦስተኛው ቀዳዳ ኳሱ ከወሰን ውጭ ከወጣች የአንድ ምት ቅጣት ተጨምሮበት ከነበረበት ቦታ እንደገና ይመታል፣ ሁለት ምት ከእጁ ወጣ ማለት ነው። የቀሩት 15 ቀዳዳዎች ያንን ለማስመለስ ላይበቁ ይችላሉ። ያንን ለማካካስ ሲል ባንዲራው ላይ በድፍረት የሚመታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሁለት ይጨምራል።

ሁለተኛው ደረጃ የመጨረሻው ማጣሪያ ነው፤ ተጫዋቾቹ «የጎልፍ ረጅሙ ቀን» ይሉታል። አብዛኞቹ ሜዳዎች የሚያካሂዱት ከዋናው ውድድር ዐሥር ቀን በፊት በሚውለው ሰኞ ነው። በአንድ ቀን 36 ቀዳዳ ይጫወታሉ። ማለዳ ይጀምራሉ፣ በሁለቱ ዙሮች መሀል ለምሳ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው፣ በእግር የሚሄዱት መንገድ ከ16 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአሜሪካ ውጭ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በካናዳም ይካሄዳል። ከሁሉም ጠንካራው ብዙውን ጊዜ በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አካባቢ የሚደረገው ነው፤ ምክንያቱም በአቅራቢያው የሚካሄደው የሜሞሪያል ውድድር እንዳለቀ የአሜሪካው የፕሮፌሽናሎች ውድድር ሰንሰለት፣ የፒጂኤ ቱር፣ ተጫዋቾች በማግስቱ ወደዚያው ይመጣሉ። ያ ሜዳ የሚሰጠው የማለፊያ ቦታም በዚያው ልክ ይበዛል።

በ36 ቀዳዳ የሚጥለው የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ እግር ሲዝል መጀመሪያ የሚበላሸው ግሪን ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት በአጭሩ በተከረከመው ሣር ላይ፣ የሚመታው አጭር ምት ነው። የሂሳብ ስሕተትም አለ፦ አንድ ተጫዋች በአንዱ ቀዳዳ ላይ ከመታው ያነሰ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ፈርሞ ካስረከበ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ የበለጠ ከተጻፈ ደግሞ የበለጠው ቁጥር ይጸናበታል። መነሻው ላይ እስከ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሁለት ምት ይቀጣል፣ ከዚያ ካለፈ ይባረራል። በቦርሳው ከ14 በላይ ዱላ የያዘ በተጫወተበት ቀዳዳ ሁሉ ሁለት ምት ይቀጣል፣ ቢበዛ አራት። የጠፋች ኳስ የምትፈለገው ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ማታ ላይ የመጨረሻዎቹ ቦታዎች ላይ እኩል የወጡ ካሉ አንዱ እስኪቀድም ድረስ በየቀዳዳው ይፋለማሉ። ጨለማ ወይም መብረቅ ካቋረጣቸው ማግስቱን ጠዋት ይመለሳሉ።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፦ በሜሪላንድ፣ ሮክቪል ያለው ዉድሞንት ክለብ ይህን ማጣሪያ በተደጋጋሚ አስተናግዷል። ተመልካች ከገመዱ ውጭ ርቆ ሳይሆን ከተጫዋቹ ጥቂት ሜትር ላይ ሆኖ ያያል። ጎልፍን በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

ከማጣሪያ ተነሥተው እስከ ዋንጫው የዘለቁት ጥቂቶች ናቸው። ሁለቱንም ደረጃዎች አልፈው ያሸነፉት ኬን ቬንቱሪ በ1964 እና ኦርቪል ሙዲ በ1969 ብቻ ናቸው። ቬንቱሪ ያሸነፈው እዚያው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ባለው ኮንግረሽናል ሜዳ ነው። ያን ጊዜ የመጨረሻው ቀን 36 ቀዳዳ ነበር፤ ሙቀቱ ከፍቶ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ሐኪም እየተከተለው ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ በቀን 18 ቀዳዳ ሆኖ በአራት ቀን እንዲካሄድ ተደረገ። የመጨረሻውን ማጣሪያ ብቻ አልፈው ካሸነፉት ውስጥ የኒውዚላንዱ ማይክል ካምቤል በ2005፣ ሉካስ ግሎቨር በ2009 ይገኛሉ። ካምቤል ያለፈው እንግሊዝ በተደረገው ማጣሪያ ሲሆን በአውሮፓ ማጣሪያ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። የ2025ቱ ውድድር በተካሄደበት በኦክሞንት ሜዳ ከተሰለፉት መካከል ሥራው ጥርስ ማከም የሆነ አማተር ነበረ፤ ሁለቱንም ማጣሪያዎች አልፎ ነው የመጣው።

በቀጥታ የሚገቡት ያለፉት ዐሥር ዓመታት የዩኤስ ኦፕን አሸናፊዎች፣ የሌሎቹ ሦስት ታላላቅ ውድድሮች የአምስት ዓመት አሸናፊዎች፣ ባለፈው ዓመት እስከ ዐሥረኛ የወጡ፣ በዓለም ደረጃ ሠንጠረዥ እስከ 60ኛ ያሉና ሌሎችም ናቸው። የ2025ቱ አሸናፊ ጄ. ጄ. ስፓን አለ። ዳስቲን ጆንሰን በ2016ቱ ድሉ የሚገባበት የመጨረሻ ዓመቱ ይህ ነው። ስኮቲ ሼፍለር ማስተርስን፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕንና የብሪታንያውን ኦፕን አሸንፏል፤ የቀረው ይህ ብቻ ነው። የመጨረሻው እሑድ ደግሞ 30 ዓመት የሚሞላበት ዕለት ነው።

ሺኔኮክ ሂልስ የተቋቋመው በ1891 ነው፤ በ1894 የአሜሪካን ጎልፍ ማኅበር ከመሠረቱት አምስት ክለቦችም አንዱ ነው። «ክፍት» የሚለው ቃል መጀመሪያ የተፈተነው እዚሁ ነበር። በ1896 ሁለተኛው ዩኤስ ኦፕን ሲካሄድ ገና ዕድሜው 16 የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሺፐንና የሺኔኮክ ነባር ሕዝብ ተወላጁ ኦስካር ባን ተመዝግበው ነበር። ሌሎቹ ፕሮፌሽናሎች እነርሱ ካሉ አንጫወትም አሉ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሄቭማየር ሁለቱ ብቻ ቢቀሩም ውድድሩ ይካሄዳል ብሎ ጸና፤ ሁሉም ተጫወቱ። ሺፐን የመጀመሪያውን ዙር በ78 ከመሪዎቹ ሳይርቅ ጨረሰ። በሁለተኛው ዙር 13ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱ አሸዋማ መንገድ ውስጥ ገባችና በዚያ አንድ ቀዳዳ 11 ምት አወጣ። ድምሩ 159 ሆነ፤ አሸናፊው ጄምስ ፎውሊስ 152 ነበረው። ያን 11 ያየ ሰው ልዩነቱ ሰባት ምት ብቻ መሆኑን ልብ ይላል።

በዊልያም ፍሊን ንድፍ በ1931 የታደሰው የአሁኑ ሜዳ ፓሩ 70 ነው፤ በ2018 ርዝመቱ 7,440 ያርድ ያህል ነበር፣ ወደ 6.8 ኪሎ ሜትር። ዛፍ ትንሽ፣ ነፋስ ብዙ ነው፤ አንድ ወገን አትላንቲክ፣ ሌላው የፔኮኒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ግሪኖቹ ጠርዛቸው ላይ ወደ ታች ስለሚንሸራተቱ ትንሽ የረዘመች ኳስ ተንከባልላ ትወርዳለች። በአጭሩ ከተከረከመው መሀለኛ መስመር የወጣች ኳስ ረጅም ሣር ውስጥ ትገባለች።

እዚህ አዘጋጆቹም ተሳስተዋል። በ2004 እሑድ ሰባተኛው ግሪን ከመድረቁ የተነሣ ኳስ አልቆም ስላለ አንዱ ምድብ ካለፈ በኋላ ሌላው ከመድረሱ በፊት ውሃ ይረጭ ጀመር፤ ቀድመው የተጫወቱት ያንን ውሃ አላገኙም። በ2018 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግሪኖቹ እንደገና ደርቀው ፈጠኑ። ጠዋት የተጫወቱት ዳንኤል በርገርና ቶኒ ፊናው ግን 66 መትተው ከ11 ምት ርቀት ተነሥተው መሪዎቹ ላይ ደረሱ። በዚያው ዓመት ብሩክስ ኬፕካ ከፓር አንድ በላይ ሆኖ አሸነፈ። ስለዚህ ሺኔኮክ ላይ የዕለቱ የመነሻ ሰዓት እንደ ዱላ ያህል ይመዝናል፤ ከማጣሪያ ለመጣ ሰው በጣም ማለዳ ወይም በጣም አምሽቶ መውጣት የተለመደ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ምርጦቹ 60ና ከ60ኛው ጋር እኩል የወጡት ቀርተው ሌሎቹ ይሰናበታሉ። እሑድ እኩል ከወጡ ሁለት ቀዳዳ ተጫውተው ድምራቸው ይነጻጸራል፤ እስከ 2017 ድረስ ግን ደንቡ ሙሉ 18 ቀዳዳ እንዲጫወቱ ያዝዝ ነበር። ከማጣሪያው በአንድ ምት የቀሩት ደግሞ ተጠባባቂ ሆነው ይመዘገባሉ። አንድ ተጫዋች ወገቡን አሞት ቢወጣ የሚተካው ከእነርሱ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቦርሳቸውን አሰናድተው፣ ኳስ እየመቱ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ፣ የመጨረሻው ምድብ ከመነሻው እስኪወጣ ድረስ ስማቸው እንዲጠራ ይጠብቃሉ።