እቁብ ሳይሆን እድር፦ ስለ ረጅም ዘመን የቤዝቦል ሲሙሌሽን ሊግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ በአንድ ካፌ የምንሰበሰብ ስምንት ሰዎች በኮምፒውተር የሚካሄድ የቤዝቦል ሊግ ካቋቋምን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ በጨዋታው አቆጣጠር ደግሞ አሥረኛው ሲዝን ላይ ደርሰናል። የምንጫወተው ጀርመናዊው ማርከስ ሃይንሰን የፈጠረውን «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው ኳስ አይመታም፣ አይወረውርምም፤ እንደ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ተጫዋች ይመለምላል፣ ያስፈርማል፣ አሰላለፍ ያወጣል፣ ግጥሚያውን ግን ኮምፒውተሩ በስሌት ያካሂደዋል። ከመካከላችን አንዱ ኮሚሽነር ሆኖ የሊጉን ፋይል ይይዛል። ሌሎቻችን ፋይሉን ተቀብለን በየቡድናችን ላይ የምንሻውን ለውጥ አድርገን እንልክለታለን፤ እርሱም የሁላችንንም አስገብቶ አንድ የጨዋታ ሳምንት ያስኬዳል። እኛም እናቋቁም የሚሉ ሰዎች ሲጠይቁን የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ አብዛኞቹንም ስንጀምር እኛው ራሳችን እናምንባቸው ስለነበር፣ እዚህ አሰፍራቸዋለሁ። የቤዝቦሉን ታሪክ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ይሄማ ያው ፋንታሲ ሊግ ነው»

አይደለም። ፋንታሲ በእውነተኛ ተጫዋቾች የየሳምንቱ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነጥብ የሚቆጠርበት፣ ሲዝኑ ሲያልቅም የሚዘጋ ውድድር ነው። በረጅሙ ሊግ ግን ተጫዋች ያረጃል፣ ይጎዳል፣ ጫማውን ይሰቅላል፤ ዛሬ ለአንድ የ31 ዓመት መቺ የተፈረመ የስድስት ዓመት ኮንትራት የሚያስከፍለው ሰውየው 36 ዓመት ሲሞላው ነው። ልዩነቱ የእቁብና የእድር ያህል ነው። እቁብ ሁሉም ዕጣው ደርሶት ዙሩ ሲያልቅ ሊበተን ይችላል፤ እድር ግን መሥራቾቹ ካለፉም በኋላ የሚቆየው፣ አባል ሲገባና ሲወጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በደንቡ ስለተጻፈ ነው።

ስለዚህ ሊግ ሲቋቋም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «አባል ሲወጣ ቡድኑ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። እኛ ይህን የተማርነው በሁለተኛው ሲዝን፣ ለመልቀቅ የቆረጠ አንድ ወዳጃችን ሁለቱን ምርጥ ወርዋሪዎቹን ለቅርብ ጓደኛው በርካሽ አስተላልፎ በሄደ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመውጣት ያሳወቀ ሰው ዝውውር ማድረግ አይችልም፤ ቡድኑ ተተኪ እስኪያገኝ በኮምፒውተሩ ይመራል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ማንም ከእርሱ ተጫዋች መግዛት አይፈቀድለትም። ተተኪ የሚሆነውን ሰው ሊጉ ሳይቸገር በፊት መፈለግ ያስፈልጋል። ለሁለት ሲዝን ያህል ቅዳሜ እየመጣ ማኪያቶውን እየጠጣ ሲመለከት የነበረ ሰው ዛሬ ከሁላችን የተሻለ ቡድን አለው።

«ሠላሳ ቡድን ካልሞላ ሊግ አይባልም»

የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ዛሬ 30 ቡድኖች ስላሉት ብዙዎች ከዚያ ማነስ የማይቻል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ያው ሜጀር ሊግ ከ1901 እስከ 1960 ድረስ የተጓዘው በ16 ቡድኖች ነበር፤ በውስጡ ባሉት ሁለት ሊጎች ስምንት ስምንት ሆነው፣ እያንዳንዱ ቡድን ሰባቱን ተጋጣሚዎቹን 22 ጊዜ ይገጥም ስለነበር ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሲዝኑ ግጥሚያ 154 ነበር። በ1961 ከሁለቱ አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ወደ አሥር ቡድን ሲያድግ ዘጠኝ ተጋጣሚ 18 ጊዜ ተባለና ዛሬ የምናውቀው 162 መጣ። እኛ ስምንት ስለሆንን 154ቱን ይዘናል፤ አሥር ሰው ያለው 162ቱን ይያዝ። ባዶዎቹን ቡድኖች ኮምፒውተር ይምራቸው የሚለው ሐሳብ ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ይመስላል፤ ሆኖም ሃያ ቡድን በኮምፒውተር ሲመራ ውድድሩ በሰዎች መካከል መሆኑ ይቀርና ኮምፒውተሩን በዝውውር ማን ቀድሞ ያታልለው ወደሚል ፉክክር ይለወጣል።

«ጎበዙ ካልበለጠ ጨዋታው ተበላሽቷል»

ከሁሉ የበለጠ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ይህ ነው፤ ምንጩም እግር ኳስ ይመስለኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ሲያይ ያደገ ሰው፣ ጠንካራ ቡድን በ38 ግጥሚያ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ሲሸነፍ ስለለመደ፣ የእርሱ ቡድን በቤዝቦል 60 ጊዜ ሲሸነፍ ፋይሉ ተነካክቷል ብሎ ይጠረጥራል። በቤዝቦል ግን ከአሥር ስድስቱን ያሸነፈ ቡድን እጅግ ጥሩ ነው። በ2001 የሲያትል ማሪነርስ 116 ጊዜ አሸንፎ 46 ጊዜ ተሸነፈ፤ ሆኖም የዋንጫው ፍጻሜ ወደሆነው ወርልድ ሲሪስ እንኳ አልደረሰም። በ2006 ደግሞ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 83 አሸንፎ 78 ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አቅሙ ፍጹም መካከለኛ የሆነ፣ በእያንዳንዱ ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ የሆነ ቡድን 162 ጊዜ ቢጫወት የሚጠበቀው 81 ድል ነው፤ በዕድል ብቻ የሚመጣው የተለመደ ልዩነት ግን ስድስት ድል ያህል ነው። ይህ ማለት ከሦስት ሲዝን በሁለቱ ያው ቡድን ከ75 እስከ 87 ባለው መካከል ያርፋል ማለት ነው። አንዱ 87፣ ሌላው 75 ሲያሸንፍ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ባለፈው ክረምት ዘጠኝ ግጥሚያ በተከታታይ የተሸነፈ አንድ አባላችን የጉዳት መጠኑ ይቀነስ፣ የዝውውሩ ሕግ ይላላ ብሎ እስከ ማኩረፍ ደርሶ ነበር። ምንም አልነካንም፤ እርሱም ሲዝኑን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በአንድ ሲዝን ውጤት ተነሥቶ የጨዋታውን ቅንብር መለወጥ ረጅም ሊግን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

«እውነተኛ ስሞች ካሉበት ይጣፍጣል»

ጨዋታው ካለፈ ዘመን ሊጀምር ስለሚችል የመጀመሪያው ሙከራችን ከ1961 ሲዝን ነበር። በዚያ ሲዝን መጀመሪያ ላይ የዶጀርስ ቡድን ግራኝ ወርዋሪ ሳንዲ ኩፋክስ በወረቀት ላይ 36 ድልና 40 ሽንፈት ያለው መካከለኛ ሰው ነው (በቤዝቦል ድልና ሽንፈት በወርዋሪው ስምም ይመዘገባል)፤ ታሪክን ያነበበ ግን ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ዓመታት የእርሱ እንደሆኑ፣ በ1966 27 ጊዜ አሸንፎ በ30 ዓመቱ በክንድ ሕመም እንደሚያቆም ያውቃል። በድራፍቱ፣ ማለትም ተጫዋቾችን በየተራ በምንመርጥበት ዕለት፣ አንደኛ ዕጣ የደረሰው ሰው ሳያመነታ ኩፋክስን ወሰደ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ቀናንም።

ቅንብሩ ሁለት መንገድ አለው። የተጫዋቹ ችሎታ በየዓመቱ ከእውነተኛ መዝገቡ ይሰላ ከተባለ ሊጉ የንባብ ውድድር ይሆናል። ከመነሻው በኋላ ጨዋታው በራሱ መንገድ ያሳድገው ከተባለ ደግሞ ኩፋክስ ከስሙ በቀር ኩፋክስ አይደለም። እኛ ሁለተኛውን መርጠን ስለነበር በ1963 እጁ ተጎድቶ ከአሰላለፍ ወጣ፤ እርሱን የመረጠው አባላችንም በዚያው ሰሞን ሊጉን ለቀቀ። አሁን ያለን ሊግ ተጫዋቾቹ ሁሉ በጨዋታው የተፈጠሩ ናቸው፤ ማንም የነገውን ስለማያውቅ የምልመላ ሥራ ትርጉም አለው።

«ኮሚሽነሩ ቤዝቦል በደንብ የሚያውቀው ይሁን»

ሰዓት አክባሪው ይሁን። የእቁብ ዳኛ የሚመረጠው ገንዘብ ስላለው አይደለም። ኮሚሽነሩ በፋይሉ ውስጥ የማንንም ተጫዋች ማየትና መለወጥ ስለሚችል፣ የእርሱ የራሱ ዝውውር በሁለት ሌሎች አባላት እንዲጸድቅ አድርገናል። ደንብ የሚሻሻለውም በሲዝኖች መካከል ብቻ ነው፤ ኮንትራትን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሲዝን በኋላ ነው የሚጸናው፣ ገንዘቡን ቆጥቦ የቆየ ሰው በአንድ ሌሊት ድምፅ እንዳይጎዳ።

«ፈጣን ኢንተርኔት ከሌለ አይሆንም»

የምንለዋወጠው ፋይል ብቻ ስለሆነ በቴሌግራም እንኳ ይደርሳል። ያስቸገረን መብራትና ሰዓት ነው። አንድ ማክሰኞ ኮሚሽነሩ ሳምንቱን እያስኬደ ሳለ መብራት ሄዶ ፋይሉ አልከፈት አለ፤ የአምስት ቀን ጨዋታ ጠፋ። አሁን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላው በሁለተኛ ሰው ኮምፒውተር ይቀመጣል።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ደንባችን ፋይል የሚላከው «እስከ 9 ሰዓት» ይል ነበር። ጸሐፊው ያሰበው የኮምፒውተሩን ሰዓት፣ ማለትም ምሽቱን ነው፤ ሦስት አባላት ግን ዘጠኝ ሰዓት ያው ከሰዓት በኋላ ነው ብለው ከሥራ ቦታቸው ተጣድፈው ሲልኩ ከረሙ፣ አንዱ ደግሞ አሳልፏል ተብሎ ተቀጣ። የዝውውር መዝጊያው ቀንም ጨዋታው ውስጥ ጁላይ 31 ሲል፣ ቀኑ የሊጉ እንጂ የእኛ ሐምሌ 24 እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብናል። አሁን በደንቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት፤ የሊጉ ቀን ግን ፋይሉ ሲከፈት ከላይ የሚታየው ነው» ተብሎ በደማቅ ተጽፏል።